ከእማማ ላይ ስንት ሰከንድ ይቀነስ?

ዳይሬክተሩ ያስጠራኝ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ስሌት ሳልጨርስ ነው። ቢሮው ስገባ ቀና ብሎ አላየኝም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋች አንዲት ወረቀት በማስመሪያ እየተከተለ ያነባል፤ ያለ ማስመሪያ የሚያነበው ነገር የለም።

"ተቀመጪ። አንቺ ስታትስቲክስ ነው አይደል ያጠናሽው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ይሄ ያንቺ ሥራ ነው።" ወረቀቷን ገፋ አደረገልኝ።

ደብዳቤው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ካላት ፋርማሲስት ነው። ልጇ አስረኛ ክፍል ናት፤ እኔው አስተምራታለሁ፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ደብዳቤው አጭር ነው። "ከሯጮቹ አንዷ ከክፍል ጓደኞቿ በሁለት ዓመት እንደምትበልጥ ሁሉም ያውቃል። ይህ ውድድር ነው ወይስ ትልቅ ሰው ልጆችን ማባረሩ? በቁጥር የተደገፈ መልስ እጠብቃለሁ።"

"ትበልጣለች የተባለችው ልጅ እህቴ ናት" አልኩት።

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩሽ። ሰው እንደሚያማሽ ስለምታውቂ ትጠነቀቂያለሽ።"

"ሌላ ሰው ቢሠራው አይሻልም?"

"ሌላው የሒሳብ አስተማሪ ሎጋሪዝም ላይ ነው" አለኝ፤ ሰውየው ሆስፒታል የተኛ ይመስል።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር፤ ዘንድሮ የሚያስተናግደው የእኛ ትምህርት ቤት ስለሆነ የኮሚቴው ሰብሳቢ ዳይሬክተሩ ራሱ ነው። በሴቶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡትን ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይወስዳቸዋል። ሁለት ልጅ ብቻ። እህቴ ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም። ዕድሜዋ ይገፋል፤ ለከርሞ ከአስራ ስምንት ስለምታልፍ ከትምህርት ቤት ውድድር ትወጣለች። ያላት ዕድል ይሄው አንዱ ነው።

ከክፍሏ የምትበልጥበት ምክንያት የሚያስገርም አይደለም። አንዱን ዓመት ጆሮዋን ታማ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ቤት ቀየርንና አዲሱ ትምህርት ቤት "ቦታ የለም፣ ለከርሞ ይምጡ" አለን። በቃ፣ ሁለት ዓመት ሄደ። የክፍሏ ልጆች "እማማ" ይሏታል። ሜዳ ላይ ስታሟሙቅ "እማማ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎት!" ይሏታል፤ "እማማ ምርኩዝዎን ረስተው መጡ!" እሷ አትናደድም። ቀድማቸው ትገባና መጨረሻው መስመር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ኑ እንግዲህ ልጆቼ፣ ደከማችሁ?" ትላቸዋለች።

ሥራውን የጀመርኩት ከአሠልጣኙ ነው። ፊሽካ ነው ቅጽል ስሙ፤ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይገባል። የአራት ዓመት ደብተር አለው። ሽፋኑ ወልቋል፣ ጠርዙ በላብ ቢጫ ሆኗል፣ ግን አንዲት ቀን አልዘለለም። የልጅቷ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓት። ዝናብ ከዘነበ "ዝናብ" ብሎ ይጽፋል።

"ዕድሜ ይጠቅማል?" አልኩት።

"በደንብ ይጠቅማል።"

"በምን አወቁ?"

"የአስራ ስድስቷ ከአስራ አምስቷ ትፈጥናለቻ።"

"ሁልጊዜ?"

"ኧረ ሁልጊዜስ አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አይጠቅምም" አለና ፊሽካውን ነፍቶ ልጆቹን ወደ መነሻው መለሳቸው።

ስልሳ አንድ ሴት ልጆች ደብተሩ ውስጥ አገኘሁ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዕድሜና ሰዓታቸውን ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ። ውጤቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ አንድ ዓመት መብለጥ አራት ሰከንድ ያስቀድማል። ሁለት ዓመት ስምንት ሰከንድ። እህቴ የፋርማሲስቷን ልጅ የምትቀድማት በስድስት ሰከንድ ግድም ነው። ስምንት ሲቀነስ እህቴ ከኋላ ናት።

ቁጥሩ ስለጠራልኝ ደስ አለኝ። እህቴን ለሚጎዳ ቁጥር መደሰቴ አበሳጨኝ። ከዚያ ደግሞ መበሳጨቴ ራሱ ማዳላት እንዳይሆን ብዬ፣ ሮጥ ብዬ ሄጄ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። መቸኮል አመሌ ነው።

"አራት!" አለ፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈና ከሥሩ በማስመሪያ አሰመረበት።

ቤት ስገባ እናቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ስትሰፋ ስፒል ከንፈሯ መሃል ትይዛለች፤ በስፒሎቹ መሃል ደግሞ ታወራለች።

"እማዬ፣ ይቺ ልጅ በትክክል ስንት ዓመቷ ነው?"

"አስራ ስምንት ገብታለች።"

"አስራ ሰባት ነኝ!" አለች እህቴ ከጓዳ።

"ምን ማለትሽ ነው? አስራ ሰባት ባለፈው ወር ሞላሽ። ስለዚህ አስራ ስምንት ውስጥ ነሽ።"

"ውስጥ መሆንና መሆን አንድ ነው እንዴ?"

"እኔ ነኝ የወለድኩሽ!"

"ወለድሽኝ እንጂ አልቆጠርሽኝማ!"

እናቴ ስትስቅ ስፒሎቹ ከአፏ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁለቱ ተንበርክከው መልቀም ጀመሩ። እኔ የፊሽካ ደብተር ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፊሽካን ሜዳው በር ላይ ያዝኩት።

"አስራ ስድስት ገባሁ ያለችዎትን ምን ብለው ነው የሚጽፉት?"

"አስራ ስድስት።"

"አስራ ስድስት ሞላኝ ያለችውንስ?"

"አስራ ስድስት።"

"በሁለቱ መሃል እኮ አንድ ዓመት አለ!"

"ልጅቷ ያለችውን ነው የምጽፈው" አለኝ፤ የተከፋ ይመስላል። "እኔ ከሯጭ አፍ የወጣ ቃል አልቀይርም።"

አንድ ዓመት። የኔ አራት ሰከንድ የቆመው አንድ ዓመት ላይ ነው። ደብተሩ ውስጥ እኩያ የሆኑ ልጆች፣ አንዷ ገባሁ ስላለች ሌላዋ ሞላኝ ስላለች ብቻ፣ የዓመት ታላቅና ታናሽ ሆነው ተቀምጠዋል።

የተመረቁትን ማግኘት አይቻልም። አሁን የሚሮጡትን ሃያ ሦስቱን ግን አንድ በአንድ መጠየቅ ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጠየቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ከውድድር ውድድር የማትቀር ፈጣን ልጅ ናት።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ለምኑ ነው ቲቸር?"

"እንዴት ለምኑ?"

"ለጉዞ ከሆነ አስራ ስድስት ገብቻለሁ። ለእርስዎ ከሆነ አስራ አምስት ነኝ።"

አስረዳችኝ። ከከተማ ውጭ ወዳሉ ውድድሮች ለመሄድ አስራ ስድስት መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ የመሄድ ተስፋ ያላት ሁሉ "ገባሁ" ትላለች። የመሄድ ተስፋ የሌላትስ? እሷም ከአራት ልጆች በኋላ መጣች፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወጣ፣ ቀልደኛ።

"አስራ አራት ሞላኝ። ገና ሕፃን ነኝ፣ ከኔ ምን ይጠበቃል?"

"አስራ አምስት የሚሞላሽ መቼ ነው?"

"የፊታችን ሐሙስ።"

እዚያው አግዳሚው ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዕድሜ ፈጣን አላደረጋቸውም፤ ፍጥነት ነው ዕድሜ የጨመረላቸው። ወይም ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ። ስንቱ እንዲህ ስንቱ እንዲያ እንደሆነ የሚነግረኝ ደግሞ አልነበረም።

በትክክለኛ ቀን እንደገና አሰላሁት። አራቱ ሰከንድ አንድ ሆነ። አንዱም ቢሆን በደንብ የቆመ አንድ አይደለም፤ ሃያ ሦስት ልጅ ትንሽ ስለሆነ ወደ ላይም ወደ ታችም በሦስት ሰከንድ ሊወዛወዝ ይችላል። አራትም ሊሆን ይችላል። ትልቅ መሆን ይጎዳል የሚልም ሊሆን ይችላል።

ይሄም አልበቃ። እህቴ ክፍል የኋላው ረድፍ ላይ አንዲት ረጅም ልጅ አለች፤ አስራ ስምንት ዓመቷ፣ እሷም ዘግይታ የገባች። ለምን እንደማትሮጥ ጠየቅኳት።

"ቲቸር፣ ተሸንፎ እማማ መባል ይቻላል? እህትዎ እያሸነፈች ስለሆነ ነው የምትችለው።"

ስለዚህ ትልቅና ቀርፋፋ የሆኑት ደብተሩ ውስጥ ጭራሽ የሉም። ትልልቆቹ ፈጣን የሚመስሉት ቀርፋፎቹ ቤታቸው ስለሄዱ ሊሆን ይችላል። ራሴን አመመኝ። ኪኒን መግዛት የምችለው ከፋርማሲስቷ ብቻ ስለሆነ ሳልገዛ ቀረሁ።

እህቴ በየቀኑ ከልምምድ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች "እህሳ?" ትለኛለች።

"ገና ነው።"

"ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እንዲህ ከባድ ነው እንዴ?"

"ከባድ ነው።"

"ስትጨርሺ ንገሪኝ። እኔ ሥራ አለብኝ።" እግሯን ልትታጠብ ትገባለች።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሱ፣ እኔና ፋርማሲስቷ። ነጭ ገዋኗን አላወለቀችም፤ መድኃኒት ቤቱን ለአሥር ደቂቃ ዘግታ ነው የመጣችው። የጻፍኩትን የሁለት ገጽ ሪፖርት አነበብኩላቸው። ስለ ገባና ስለ ሞላ ስደርስ ዳይሬክተሩ ማስመሪያውን አስቀመጠ።

"አንድ ጊዜ" አለ። "እኔ ራሴ ሃምሳ ሁለት የምለው የገባሁትን ነው የሞላኝን?"

"እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።"

"ጡረታ የምወጣው በየትኛው ነው?" ብሎ ደነገጠ፤ ለጥቂት ጊዜ አብሮን አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ግን አልሳቀችም። "ልጄ፣ እኔ ሕግ ተጣሰ አላልኩም። እህትሽ ከአስራ ስምንት አልበለጠችም፣ ትሩጥ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ቀድሞ የተወለደ ሰው ይጠቀማል አይጠቀምም?"

"አላውቅም።"

"ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ?"

"ዩኒቨርሲቲ ገብቼ።"

"ባለፈው ሳምንት አራት ብለሽ ነበር።"

"ተሳስቼ ነበር።"

"የተሳሳትሽው አራቱ እህትሽን ስለጣላት ነው ወይስ ከዚያ በፊት?"

ይሄን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄው ነበር። አራቱ እህቴን የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ለመፈተሽ ያን ያህል እሮጥ ነበር? ለሷ ግን አልነገርኳትም። "ደብተሩን ይዩት" ብቻ አልኳት።

"እኔ መድኃኒት የምሰጠው በልጅ ዕድሜ ነው" አለች እየተነሳች። "አንድ ዓመት ልዩነት አለው። ሰውነት ያውቃል፤ አንቺ ባታውቂም።"

ይሄ መልስ አልነበረም። ዳይሬክተሩ በመሃላችን ገብቶ ፈረደ። ሁሉም ይሩጡ፤ የዕድሜው ነገር ከሩጫው በኋላ ይታያል፤ ይቀነስ ከተባለ ይቀነሳል። ያኔ ዝም አልኩ። መጮህ የነበረብኝ ያኔ ነው። ከአንድ ሰው ሰዓት ላይ የብዙ ሰው አማካይ አይቀነስም፤ አማካዩ ያቺን ልጅ አያውቃትም። ዝም ያልኩት እህቴ መሮጥ እንድትችል ነው፤ ወይም ደክሞኝ ነው።

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ ደመና ነበር፣ ነፋስ የለም። ሰዓት ከሚይዙት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። አስራ ሁለት ልጆች ተሰለፉ። የክፍሏ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው "እማማ! እማማ! የልጅ ልጆችዎ መጥተዋል!" ይላሉ። እህቴ ዞር ብላ ጣቷን አወዛወዘችባቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከኋላ ሮጠች። በሦስተኛው ወጣች። ስታልፈኝ ፊቷን አየሁት፤ የአስራ ሰባት ፊት ይሁን የአስራ ስምንት ፊት ይሁን ምንም አይልም፤ የሚጨንቀው ሰው ፊት ነው። አንደኛ ገባች፦ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት። ሁለተኛ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ሃምሳ ሰባት። ሦስተኛ የፋርማሲስቷ ልጅ፣ ሃምሳ ዘጠኝ። መስመሩን ካለፈች በኋላ የፋርማሲስቷ ልጅ ሣሩ ላይ ተጋደመች፤ እህቴ ሄዳ ውሃ አፈሰሰችላት፤ ሁለቱም አስለው ሳቁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ለማሠልጠኛ ማዕከሉ የሚላከውን ሠንጠረዥ በራሱ እጅ አስምሮታል፤ ጥርት ያለ ሠንጠረዥ ነው። ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የተገባበት ሰዓት። ከዚያ እሱ የጨመረው አንድ ዓምድ፦ "ለዕድሜ የሚደረግ ማስተካከያ በሰከንድ"። ከዚያ ደረጃ። የሌሎቹ ሁለት ልጆች ማስተካከያ ላይ ሰረዝ አለ፤ የእህቴ ባዶ ነው።

"ስንት ልጻፍ?" አለኝ።

ስሌቱ ከፊቴ ነበር፤ ወረቀት አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ቁጥር ስምንት ሰከንድ ይጨመርባትና አምስት ደቂቃ ትሆናለች፤ ሦስተኛ፤ ትቀራለች፤ የፋርማሲስቷ ልጅ ትሄዳለች። በሁለተኛው ቁጥር ሁለት ሰከንድ፤ አንደኛ እንደሆነች ትቆያለች። እውነቱ በሁለቱ መሃል የትም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱም ውጭ ሊሆን ይችላል።

"አላውቅም" አልኩት።

"እሺ።" እስክሪብቶውን አነሳ። "ዜሮ።"

"ኧረ ዜሮ አይደለም። ዜሮ ማለት አይጠቅምም ማለት ነው። እኔ ያልኩት አላውቅም ነው።"

"የአላውቅም ቁጥሩ ስንት ነው ታዲያ?"

"ቁጥር የለውም።"

"ቁጥር ከሌለው ዜሮ ነዋ።"

"አይደለም እኮ! 'አይታወቅም' ብለው በቃል ይጻፉት።"

ዓምዱን አሳየኝ። ጠባብ ነው፤ ቃል አይገባበትም። "ከላይ 'በሰከንድ' ብያለሁ። አይታወቅም ሰከንድ ነው?" ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ለኔ እያዘነልኝ ነበር የሚመስለው። "ስምንት በይኝና ስምንት እጽፋለሁ። ሁለት በይኝና ሁለት እጽፋለሁ። የመረጥሽውን።"

ስምንት የማላምንበት ቁጥር ነው። ሁለትንም አላምንበትም። ዜሮን ደግሞ ከሁለቱም ባነሰ አምንበታለሁ። ግን ዜሮን እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው። ይሄ ልዩነት ልዩነት ነው? እሱ እስክሪብቶውን ዓምዱ ላይ ሲያሳርፍ እጄን ዘረጋሁ፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እጄ ቆመ። ባዕድ ብትሆን ኖሮ እጄ አይቆምም ነበር። ወይም ባዕድ ብትሆን ጭራሽ አልዘረጋውም ነበር። ክቧን ዜሮ ጻፈ፣ ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበት፣ ፖስታው ውስጥ ከተተው።

"ጥሩ ሠርተሻል" አለኝ። "ሁለት ገጹ ትንሽ በዛ እንጂ።"

ስወጣ የፋርማሲስቷ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ስንት ተባለ ቲቸር?"

"ዜሮ።"

ትንሽ አሰበች። አላለቀሰችም፤ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ግንባሯን ብቻ ቋጠረች። "ዜሮ ማለት ዕድሜ ምንም አያደርግም ማለት ነው። ስለዚህ እሷ እንዲሁ በለጠችኝ።"

"እንደዛ አላልኩም።"

"እሺ፣ በዕድሜ ነው የበለጠችኝ?"

"እንደዛም አላልኩም።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

ይሄኔ እህቴ ከሜዳው በኩል እየሮጠች መጣች፤ ደብተሯን በብብቷ ይዛለች። ከደረጃው ሥር ቆማ ከጓደኛዋ ፊት ወደ ፊቴ ተመለከተች።

"እህሳ?" አለች። "ሄድኩ ወይስ አልሄድኩም?"

"ሄድሽ።"

መዝለል ትጀምራለች ብዬ ነበር። አልዘለለችም። "አውቀሽ ነው?" አለች። "ማለቴ፣ አገኘሽው? ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን?"

ሁለቱም ከደረጃው ታችና ላይ ሆነው ያዩኛል። ሁለቱም የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ስናገር ደብተር ላይ መጻፍ የለመዱ ናቸው።

"ተደውሏል፣ ክፍል ግቡ" አልኳቸው።

ገና አልተደወለም ነበር። እርስ በርስ ተያዩና ገቡ።